ውሃ በአደራ

በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ ለፈርዖን የመከረው ጥጋቡ ሳይመጣ ነው፦ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛው ለረሃቡ ይቀመጥ። እህሉ የማን ነበር? የበላው ወይስ ገና የሚራበው?

ደቡብ አፍሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የውሃ ሕግ ለዚህ መልስ አለው። መንግሥት የውሃው ባለአደራ ነው። ለሰው መሠረታዊ ፍላጎትና ለወንዞች ሕይወት የሚሆነው ድርሻ ከሁሉ አስቀድሞ ይቀመጣል።

አደራው በ2018 እ.ኤ.አ. በኬፕታውን በድርቅ ተፈተነ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተፈቀደ። ነዋሪው የገላ እጣቢውን በባልዲ እያጠራቀመ ሽንት ቤት ይደፋበት ነበር። ቧንቧው ሳይደርቅ ዝናቡ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ገደቡ ወደ 70 ሊትር ከፍ አለ።

ግድቡ ሲሞላ ግን ስላልተወለደው ልጅ የሚከራከር ማነው? ሕጉ የሚመጣውን ትውልድ በስም ጠርቶታል፤ ድርሻውን ማስከበር የዛሬዎቹ ሹማምንት ዕዳ ነው።