ያልታጨደ እህል ስለ መገመት

በቀድሞ ዘመን ገማች የሚባል ሰው ነበረ። ገማች ማለት እህሉ ሳይታጨድና ሳይወቃ፣ ገና በማሳው ላይ እንደ ቆመ አይቶ፣ «ከዚህ እርሻ ይህን ያህል ቁና ይገኛል» ብሎ የሚወስን ሰው ነው፤ ባላገሩም አሥራቱን የሚከፍለው በዚህ ሰው ቃል ነበር። አባቴ ሲነግረኝ፣ ገማቹ ቃሉን ከሰጠ በኋላ በረዶ ቢወርድም፣ ተምች ቢበላውም፣ ወይም ዝናቡ አምሮ እህሉ ከተገመተው በላይ ቢሆንም፣ የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይቀር ነበር።

እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ስለ እህል ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ገና ያልደረሰን ልጅ አይቶ፣ «ይህ ይሆናል፤ ያ አይሆንም» ብሎ መወሰን ለሰው የተገባ ነውን? ወጣቶች ሆይ፣ ጥያቄው ሌላውን ሰው እንጂ እናንተን የማይመለከት እንዳይመስላችሁ፤ እናንተንም በየዓመቱ በቁጥር የሚገምቱ ሰዎች አሉና።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ በአገራችን እምብዛም የማይታወቅ ጨዋታ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩን አንድ ካናዳዊ መምህር ነበሩ፤ በአገራቸው በክረምት ሐይቁ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር፣ ልጆች ከጫማቸው በታች ስለታም ብረት አድርገው በላዩ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱትን ሆኪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥሉልን ነበር። እኛም ከገና ጨዋታ ጋር አመሳስለን ወደድነው፤ በሩር ፈንታ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ፣ በመስክ ፈንታ በረዶ፣ በመንደር ሙሉ ጎረምሳ ፈንታ በእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሃምሳ ዓመት ያህል ስለ ሆኪ አስቤ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ልጄን ለመጠየቅ ወደ ካናዳ ሄጄ፣ በኦታዋ ከተማ አንድ ምሽት ከልጅ ልጄ ጋር በቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥሁ።

በዚያ ምሽት የታየው ጨዋታው ራሱ አልነበረም። አዲስ ሙሉ ልብስ የለበሱ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ከእናትና ከአባታቸው አጠገብ ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ስሙ የተጠራው ተነሥቶ እናቱን ይስማል፤ ወደ መድረኩም ወጥቶ የመረጠውን ቡድን ማልያ ያጠልቃል። ያልተጠራው እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። የልጅ ልጄም፣ «አባባ፣ ይኼኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ያኛው ያን ያህል አይደለም» እያለ ያስረዳኝ ነበር። «በምን ታወቀ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ዝርዝር አለ» አለኝ። ይህ ቃል ከልቤ ገባ፤ እኔም በአስተማሪነቴ ዘመን ዝርዝር ጸሐፊ ነበርሁና።

የሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ወጣቶችን በየዓመቱ በተራ መምረጥ የጀመረው በ1963 በሞንትሪያል ከተማ ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዛሬ 32 ቡድኖች በሰባት ዙር 224 ያህል ወጣቶችን ይጠራሉ፤ ደካማው እንዲበረታ ሲባልም ቀድሞ የመምረጥ ዕድል በአብዛኛው ባለፈው ውድድር ለተሸነፉት ይሰጣል። ከምርጫው በፊት የየቡድኑ መልማዮች ከካናዳ እስከ ስዊድንና ፊንላንድ ድረስ ይዞራሉ፤ በቀዝቃዛ አዳራሽ ተቀምጠው ልጁ እንዴት እንደሚንሸራተት፣ ለጓደኛው እንዴት እንደሚያቀብል፣ ሲነጠቅም ምን እንደሚያደርግ ይጽፋሉ። ከ1975 ጀምሮ ደግሞ ሊጉ ራሱ ያቋቋመው የመልማዮች ጽሕፈት ቤት ልጆቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በተራ ያወጣቸዋል። የልጅ ልጄ ዝርዝር ያለው ይህን ነው።

በመጨረሻም ልጆቹን ሰብስበው ቁመታቸውን፣ የክንዳቸውን ርዝመት፣ ጉልበታቸውንና ትንፋሻቸውን ይለካሉ። በ2014 በዚህ ልኬት ላይ ሳም ቤኔት የሚባል ልጅ፣ በብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ላይ መሳብ አቃተው። በሊጉ ጽሕፈት ቤት ዝርዝር ከሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች አንደኛ የተባለው ልጅ ስለ ነበረ፣ ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ ሰው ሣቀበት። ካልጋሪ ግን በአራተኛው ተራ ወሰደው። ይኸው ልጅ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ፍሎሪዳ ፓንተርስ በሚባለው ቡድን ውስጥ ሆኖ የስታንሊን ዋንጫ ሲያገኝ፣ በዋንጫው ውድድር ከሁሉ የበለጠ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ብረቱ አልዋሸም፤ ልጁ በዚያን ቀን ራሱን መሳብ እንዳልቻለ እውነቱን ተናግሯል። የተሳሳተው፣ ስለ አንድ ቀን ክንድ የተነገረውን ስለ አንድ ሰው ዕድሜ እንደ ተነገረ አድርጎ የሰማው ነው።

ሌላም ልንገራችሁ። በ1999 አንደኛ ሆኖ የተጠራው ፓትሪክ ሽቴፋን የሚባል የቼክ አገር ልጅ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ የተጠሩት ዳንኤልና ሄንሪክ ሴዲን የሚባሉ መንታ ስዊድናውያን ናቸው። በዚያው ምርጫ ሁለት መቶ ዘጠኝ ስሞች ካለፉ በኋላ፣ በ210ኛው ተራ፣ ዴትሮይት ሬድ ዊንግስ የሚባለው ቡድን ሄንሪክ ዜተርበርግ የተባለ ሌላ ስዊድናዊ ጠራ። መንታዎቹ በ2022 ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ ገቡ። ዜተርበርግ በ2008 ቡድኑ ዋንጫውን ሲወስድ የውድድሩ ምርጥ ተባለ፤ ኋላም የቡድኑ አምበል ሆነ። ሽቴፋን ግን በ455 ጨዋታ 64 ግብ አግብቶ፣ በጉዳት ምክንያት ገና በወጣትነቱ ጨዋታውን ተወ፤ እስከ ዛሬም ስለ ከሸፉ ምርጫዎች ሲወራ ስሙ ሳይነሣ አይቀርም።

ወጣቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። በዚያ ሊግ 455 ጊዜ መሰለፍ ቀርቶ አንድ ጊዜ መሰለፍ እንኳ፣ በካናዳ በየመንደሩ በረዶ ላይ ለሚውሉት ልጆች ዕድሜ ልክ የሚተረክ ነገር ነው። ታዲያ ይህ ሰው ምን በደለ? አንደኛ ነኝ ብሎ ራሱን የጠራ እርሱ አይደለም። የወሰደው የአትላንታ ቡድን ውድድር የጀመረው በዚያው ዓመት ስለ ነበረ፣ ልጁን ወዲያው በ19 ዓመቱ አሰለፈው። ሴዲኖች ግን አንድ ዓመት በአገራቸው ቆይተው መጡ፤ ዜተርበርግም እስከ 2002 ድረስ በስዊድን ሲጫወት ቆየ። ሽቴፋንን ቢጠብቁት ኖሮ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አልምልም፤ የተጎዳ አካል በመጠበቅ ብቻ አይድንምና። ነገር ግን ገማች ሲሳሳት ስሕተቱን የሚሸከመው ገማቹ ሳይሆን የተገመተው ልጅ መሆኑን አያለሁ። መልማዩ በሚመጣው ዓመት ሌላ ዝርዝር ይጽፋል፤ ልጁ ግን ሌላ ወጣትነት የለውም።

እንግዲያውስ መልማዮች ሁሉ ሞኞች ናቸው የሚል ቢኖር እርሱም ተሳስቷል። ሲድኒ ክሮዝቢ በ2005፣ ኮነር ማክዴቪድ በ2015 አንደኛ ተብለው ተጠሩ፤ ሁለቱም እንደ ተባሉት ሆኑ። በኋለኛው ዙር ከሚጠሩት መካከል ደግሞ ብዙዎቹ በሊጉ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወቱ ይቀራሉ። በሌላ ወገን ዴትሮይትን እንደ ነቢይ የሚያዩ አሉ፤ በ1998 ፓቬል ዳትስዩክ የሚባለውን የሩሲያ ልጅ በ171ኛው ተራ፣ በማግሥቱም ዓመት ዜተርበርግን በ210ኛው አግኝቷልና። ዳትስዩክ ከዚያ በፊት በነበሩት ምርጫዎች ማንም ሳይጠራው የቀረ ልጅ ነበር፤ በ2024 ወደ ክብር አዳራሽ ገባ። ነገር ግን አስተውሉ፤ ዴትሮይት የሁለቱን ልጆች ዋጋ በእርግጥ ዐውቆ ቢሆን ኖሮ እስከዚያ ተራ ድረስ ባልጠበቀ ነበር። በሁለቱም ዓመታት ከእነርሱ አስቀድሞ ሌሎችን ጠርቷል። ስለዚህ የዴትሮይት ብልሃት ትንቢት አልነበረም፤ የታለፈውን ተመልሶ ማየትና ከመረጡ በኋላ መታገሥ ነበር እንጂ። ዳትስዩክን ሦስት ዓመት ጠብቀውታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የእኛን ተረት የሚያውቁ ይመስላሉ።

ካነበብሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ስለ ልደት ወር የተጻፈው ነው። በካናዳ የሆኪ ልጆች በዕድሜ ሲመደቡ ዓመቱ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ስለዚህ በጃንዋሪ የተወለደውና በዲሴምበር የተወለደው፣ በመካከላቸው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት ሳለ፣ እኩዮች ተብለው አብረው ይፎካከራሉ። በ1985 ሮጀር ባርንስሊ የተባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው፣ ከካናዳ ምርጥ ወጣት ተጫዋቾች መካከል በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በመጨረሻዎቹ ወራት ከተወለዱት እጅግ እንደሚበዙ አሳዩ። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የተወለዱት በኋላ ከሚያሳዩት ፍሬ ጋር ሲተያይ፣ በሊጉ ምርጫ ከሚገባቸው ተራ ወደ ኋላ ተገፍተው እንደሚጠሩ አመለከተ።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ዐሥር ወር የሚበልጠው ልጅ ቁመቱ ይረዝማል፤ አሠልጣኙም «ይህ ልጅ ተሰጥኦ አለው» ይላል፤ ስለዚህም የተሻለ ቡድን፣ የተሻለ አስተማሪ፣ የበዛ የጨዋታ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በእውነት የተሻለ ይሆናል። ያን ጊዜ ግምቱ ትክክል ነበር ይባላል። ነገር ግን ግምቱን ትክክል ያደረገው ራሱ ግምቱ ነው።

ይህን ሳነብ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ተስፋ አላቸው ያልኋቸውን ልጆች ከፊት፣ የቀሩትን ከኋላ አስቀመጥሁ። ሥራ የሚያቀልል ብልሃት መስሎኝ ነበር። ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ ትንሽ ልጅ፣ መጀመሪያ እጁን ያነሣ ነበር፤ እኔ ግን የምጠይቀው የፊተኞቹን ስለ ነበረ ውሎ አድሮ ማንሣቱን ተወ። በዓመቱ መጨረሻ ወደቀ፤ በመስከረምም አልተመለሰም። እኔም «ብዬ ነበር» አልሁ፤ ለራሴም ዐዋቂ መሰልሁ። ከካናዳ እንደ ተመለስሁ ግን አሮጌ ወረቀቶቼን ፈትሼ የዚያን ዓመት የስም ዝርዝር አገኘሁ። በዕድሜው ዐምድ የፊተኞቹ ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ ሦስት ይላል፤ የእርሱ ዘጠኝ ይላል። ዝርዝሩን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ጽፌዋለሁ፤ አላነበብሁትም ነበር።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ሳይመርጡ መኖር ይቻላልን?» የሚል ይኖራል። አይቻልም። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ሲሆን መምረጥ ግድ ነው፤ የመምህርም ሥራ እኩሌታው መመዘን ነው። እኔም ምዘና ይቅር አልልም፤ መዛኝ ዕዳ አለበት እላለሁ እንጂ። የመጀመሪያው ዕዳ ያየውን ከገመተው ለይቶ መናገር ነው፤ «ዛሬ ይህን አላደረገም» ማለትና «ይህን ማድረግ አይችልም» ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው፣ ልጁ በምን መሬት ላይ እንደ ቆመ መጠየቅ ነው፤ መቼ ተወለደ፣ ማን አስተማረው፣ ስንት ጊዜስ ዕድል አገኘ? ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተመልሶ ማየት ነው። አባቴን ያሳዘነው ገማቹ መገመቱ አልነበረም፤ በመኸር ጊዜ ወደ ማሳው ተመልሶ አለመምጣቱ ነው።

ለእናንተ ለምትመዘኑት ደግሞ የምለው ይህ ነው። ከኋላ የተጠራ ሁሉ ዜተርበርግ ይሆናል ብዬ አላታልላችሁም፤ እንዲህ ያለ ቃል ለጊዜው ያስደስታል እንጂ እንጀራ አይሆንም። ቁጥሩ ስለ አንድ ቀን የሚናገረውን እውነት ስሙ፤ ክንዳችሁ ደካማ ነው ካላችሁ ክንዳችሁን አጠንክሩ። ከዚያ አልፎ ስለ ዕድሜያችሁ ሲፈርድ ግን ሥልጣኑን ተላልፏልና አትገዙለት። አንደኛ የተባላችሁም አትኩሩ፤ ዐሥር ወር ቀድሞ መወለድ የማንም ሙያ አይደለም። ነገ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ወላጅ፣ አለቃ ወይም መምህር ሆናችሁ ዝርዝር መጻፋችሁ አይቀርም። በዚያን ቀን ከኋላው ወንበር የምትነሣ ትንሽ እጅ ብታዩ፣ ሳትወርድ ጥሯት።