መከታ የሌለው ጣራ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 በአሜሪካ አንድ የምግብ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ሰሊጥ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣ፣ ከኦቾሎኒና ከመሰሎቻቸው ጋር ተደምሮ ዘጠነኛው ዋና የአለርጂ ምግብ ሆነ፤ በታሸገ ምግብ ውስጥ ካለም ስሙ በግልጽ ይጻፍ ተባለ። ሰሊጥ የማይስማማው ልጅ ያላቸው ወላጆች ለዓመታት የወተወቱለት ሕግ ነበር። ሕጉ ሥራ በጀመረ ሰሞን ግን አንዳንዶቹ ልጃቸው ያለ ሥጋት ሲበላው የኖረውን ዳቦ ገልብጠው ሲያነቡ ሰሊጥ ተጽፎበት አገኙ። የጽሕፈት ስሕተት አልነበረም። ጋጋሪዎቹ ቀድሞ ያልነበረውን የሰሊጥ ዱቄት ሆን ብለው ጨምረውበታል።

ምክንያቱ የወጪ ነው። ሰሊጥ ደቃቅ ነው፤ ይበተናል፤ በማሽን ስንጥቅ ይወሸቃል። ሰሊጥ ያለበትና የሌለበት ዳቦ በአንድ ማሽን ሲጋገር፣ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትሻገር ማሽኑን በየጊዜው ፈትቶ ማጽዳት ያስፈልጋል። ይህ የከበዳቸው ድርጅቶች ጥቂት የሰሊጥ ዱቄት ሊጡ ውስጥ ጨመሩና «ሰሊጥ አለው» ብለው ጻፉ። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አድራጎቱን እንደማይደግፍ ተናገረ፤ ሕግ ተጣሰ ለማለት ግን አልቻለም።

ጋጋሪው አልዋሸም። ሕጉ ሊጠብቀው የወጣው ልጅ ግን ገበታው ጠበበበት። ታዲያ እውነትን መናገርና ባልንጀራን መጠበቅ አንድ ነገር ናቸውን?

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርብ ትእዛዝ አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። በጥንቷ እስራኤል ጣራው ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይቀመጥበት፣ ይተኛበት ነበር። ባለቤቱ «እዚያ ጋ ገደል ነው» ብሎ ቢናገር አይበቃውም፤ ድንጋይ መደርደር፣ ከኪሱ ማውጣት አለበት። ማስጠንቀቂያ የመውደቅን ዕዳ ለእንግዳው ያሸክመዋል፤ መከታ ዕዳውን ባለቤቱ ጋ ያቆየዋል። የ2023ቱ ዳቦ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት መከታው የፈረሰ ጣራ ነበር።

«ለጥቂቶች ሲባል ሁሉም ለምን ይቸገራል? የማይስማማው ራሱ ይጠንቀቅ» የሚል መኖሩ አይቀርም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ዳቦ ቢወደድ የሚጎዳ ድሃም አለ። ይሁንና ራሱን የሚጠነቀቅ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ከእንግሊዝ ታሪክ ማየት ይቻላል። በ2016 ናታሻ የተባለች የ15 ዓመት ልጅ በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሳንድዊች ገዛች። ሰሊጥ እንደሚጎዳት ታውቃለች፤ ማሸጊያውንም አይታለች። ሰሊጡ ከሊጡ ጋር ተቦክቶ ነበር፤ ማሸጊያው ላይ ግን አልተጻፈም፤ እዚያው ሱቅ ተዘጋጅቶ የሚታሸግ ምግብ ዝርዝሩን እንዲይዝ የጊዜው ሕግ አያስገድድም ነበር። ወደ ፈረንሳይ በሚበረው አውሮፕላን ላይ ታመመች። አባቷ ለድንገተኛ አለርጂ የያዟቸውን ሁለት የኢፒነፍሪን መርፌዎች ቢወጓትም አልተረፈችም። በስሟ የሚጠራው ሕግ በኦክቶበር 2021 ሥራ ላይ ዋለ። ናታሻ የድርሻዋን አድርጋ ነበር፤ ሰው ብቻውን የሚጠነቀቀው ሌላው በነገረው ልክ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ ስለመብላት ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከዚህ የሚቀራረብ ክርክር ነበረበት። ዕውቀት ያላቸው መብላት እንደሚችሉ አልካደም፤ ግን መብታቸውን በደካማው ወንድም ልክ እንዲመጥኑት ጠየቃቸው። የዚያ ወንድም ድካም የኅሊና ነበር። የኅሊናን ድካም ትምህርት ሊያበረታው ይችላል፤ ተመክሮ ከሰሊጥ ጋር የታረቀ ሰውነት ግን የለም።

አለርጂ የፈቃድ ጉዳይ አለመሆኑ በ1902 በውሾች ላይ ታይቷል። ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲየ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ውሾችን ከባሕር እንስሳ መርዝ ጋር ሊያለማምዱ ሞከሩ። የመጀመሪያውን መርፌ ችሎት የነበረ ውሻ ከሳምንታት በኋላ ሲደገምለት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተ። ጥበቃ ሲጠብቁ ግልባጩን ስላገኙ ይህን ከባድ የሰውነት ምላሽ አናፊላክሲስ፣ ማለትም የጥበቃ ተቃራኒ አሉት። ሪሼ በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት።

በአማርኛ «አይስማማኝም» የሚለው ቃል ለቃርም ለሞትም አንድ ነው። እንግዳው ሲለው ባለቤቲቱ ይሉኝታ ይመስላትና «በሞቴ! ትንሽ አይጎዳም» ትለዋለች። ጉርሻ ማሸጊያ የለው፣ ጽሑፍ የለው፤ የሚጎርሰው ሰው አጉራሹን አምኖ አፉን ይከፍታል። ጾምን የሚያህል ነገር ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው ያቀሉለታል። የጉርሻ ደንብ ግን ከጾም ይልቅ ይጠብቃል፤ እምቢ ያለ እንደ ናቀ ይቆጠራል። የሰሊጥ አለርጂ በአገር ቤት ብቻ የሚቀር ጉዳይም አይደለም። የሑመራ ሰሊጥ ተፈጭቶ ጣሂና የሚባል ማባያ ሆኖ በሚበላባት እስራኤል፣ ሰሊጥ ልጆችን ለከባድ አለርጂ ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምግቦች አንዱ ነው።

ከዲሴምበር 2014 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያለ ምግብ ቤት፣ ከ14 የአለርጂ ምግቦች የትኛው በሳህኑ ላይ እንዳለ ለደንበኛው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በዝርዝሩ ውስጥ ከሰሊጥና ከኦቾሎኒ ሌላ ሰናፍጭና ግብጦም አሉ። እናም በሮም ወይም በፍራንክፈርት የጾም በያይነቱ የሚያቀርብ የሐበሻ ምግብ ቤት ሰናፍጩን መጥቀስ፣ እንጀራው ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበት ከሆነም መናገር ይጠበቅበታል። ይህ ማስጠንቀቂያው ነው። መከታው የሚሠራው ግን ጓዳ ውስጥ ነው፦ ሰሊጥ የነካው ጭልፋ ወደ ሽሮው ድስት ሳይመለስ፣ የአንዱ እንግዳ ድርሻ ከትሪው ተለይቶ ለብቻው ሲቀርብ፣ ጉርሻውም ከመጠቅለሉ በፊት «የማይስማማህ ነገር አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ።