ዘንድሮ ተፈታኞች ነን

በሰፈራችን ልጁ 12ኛ ክፍል የደረሰ ወላጅ አነጋገሩ ይለወጣል። ሠርግ ሲጠራ፣ «ዘንድሮ እንኳ ይቅርብን፤ ተፈታኞች ነን» ይላል። ቤቷን ልታሳድስ ያሰበች እናት፣ «ተፈታኞች ስለሆንን ለከርሞ አቆይተነዋል» ትላለች። «ተፈታኝ አለብን» የሚል ጥቂት ነው። «ነን» ነው የሚባለው። እኔም በ2014 ዓ.ም. ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ስል ከረምሁ። አባባሉ የፍቅር ነው፤ የልጅን ሸክም የመጋራት ነው። ይሁን እንጂ ይህች «ነን» የምትባል ትንሽ ቃል ከገዛ ልጄ ጋር አጋጨችኝ፤ ከራሴም ጋር እስከ ዛሬ አላስማማችኝም። እስቲ አንባቢ ይፍረደን።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ልጅ ለራሱ ሕይወት ሲፈተን ወላጅ እስከ የት ድረስ አብሮት መግባት ይገባዋል? መርዳት የሚያበቃው፣ መንጠቅ የሚጀምረውስ የቱ ላይ ነው?

እኔ ማትሪክ የተፈተንሁት በ1985 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ደግሟል፤ ፈተናው የሚሰጥበትን እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። ስለዚህ ሊያስጠናኝ አይችልም። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች፤ የስፌት መኪናውም፣ የእኔ ደብተርም፣ የሁላችን መኝታም እዚያው ነው። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ማታ ማታ መስፋቱን ተወ። ለምን እንደተወ አልነገረኝም። የመኪናው ድምፅ እንዳይረብሸኝ መሆኑ የገባኝ፣ ያልተሰፋ የሰው ልብስ ጥግ ላይ ሲከመር አይቼ ነው። በፈተናው ዕለት ጠዋት ሁለት ቢክ እስክሪብቶ ገዝቶ፣ ሁለቱንም በቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሮ ሰጠኝና፣ «በል፣ የምታውቀውን ጻፍ» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ አያያዝ መምረጤን ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንጀራ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ይህን የማወራው ድህነትን ለማመስገን አይደለም። አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ ይቀመጥ የነበረ ጓደኛዬ ሒሳብ ከእኔ ይልቅ ይገባው ነበር። እርሱንም አባቱ በትምህርቱ ገብቶበት አያውቅም፤ ከትምህርት መልስ ግን እስከ ማታ ወፍጮ ቤት እህል ያሸክመው ነበር። ወደቀ። እንግዲህ መተው ሁሉ የልጅን ነፃነት ማክበር አይደለም። የእኔ አባት አልተወኝም፤ የማታ ገቢውን ነው የሰጠኝ። ከእስክሪብቶው በኋላ ያለውን ግን ለእኔ ለቀቀው።

እኔ እንደ አባቴ አይደለሁም። እንግሊዝኛ አነብባለሁ፤ ለአስጠኚ የምከፍለውም አላጣሁም። ስለዚህ ልጄ 12ኛ ክፍል ሲገባ የጥናት ሰዓቱን ደልድዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። ቅዳሜና እሑድ የሒሳብና የፊዚክስ አስጠኚ ቀጠርሁ። በማቀዝቀዣው በር ላይ ደግሞ ሌላ ወረቀት ለጠፍሁ፤ ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ተዘርዝረውበታል፣ አንደኛው አዲስ አበባ ነው፣ ከጎኑ «ሕክምና» የሚል ተጽፎበታል። በወረቀቱ ላይ የልጄ የእጅ ጽሑፍ አንዲት ፊደል እንኳ አልነበረችም። በጊዜው ይህን ልብ አላልሁትም።

የዚያ ዓመት ተማሪዎች የተፈተኑት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታኞች ከየቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ስልክም ይዞ መግባት ተከለከለ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ፈተናው ለዓመታት ሲሰረቅ ቆይቷል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ወረቀት አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የማያስታውስ የለም። ያን ጊዜ ወረቀቱን በዓይናቸው ያላዩትም ጭምር ድጋሚ ተቀመጡ። ጥቂቶች በሰረቁት ብዙዎች ከፈሉ።

ልጄ ግቢ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው አንድ የማውቀው ሰው ደወለልኝ።

«አምስት ወላጆች ነን» አለኝ። «ወረቀቱን የሚያገኝልን ሰው አለ። አንተ ስድስተኛ ከሆንህ መዋጮው ይቀልልናል።»

አንባቢ ይታዘበኝ፤ ስልኩን አልዘጋሁም። «ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያም ሌሊቱን ሳሰላ አደርሁ፤ ሒሳብ ሙያዬ ነውና። የማሰላው ግን ገንዘቡን እንጂ ነውሩን አልነበረም። ሲነጋ ለባለቤቴ ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ለሚስቴ መናገር ያቃተኝን ነገር ለልጄ በምን አፌ እሰጠዋለሁ? ለሰውየው ደውዬ «ይቅርብኝ» አልሁት። ወረቀቱ እውነተኛ ይሁን ወይም የአጭበርባሪ ፈጠራ ይሁን አልጠየቅሁም። እኔ የተፈተንሁት ዋጋውን በጠየቅሁ ጊዜ ነው።

ከዚያች ሌሊት አንድ መመዘኛ ያገኘሁ መሰለኝ። ትክክለኛ እርዳታ ማለት በአደባባይ ሊነገር የሚችል ነው። «ልጄን ሒሳብ አስጠናሁት» ብሎ ለጎረቤት መናገር ይቻላል፤ «መልሱን ገዛሁለት» ማለት ግን አይቻልም። በሰው ወርቅ አይደምቁም። ያ ሰውዬ «አምስት ወላጆች ነን» ሲል የተጠቀመበት «ነን» ከእኛ ሰፈሩ «ነን» ጋር አንድ ቃል ነው። አምስት ቤት አቅፎ የቀረውን አገር ደጅ የሚያስቀር «ነን» ነው። በዚህ መመዘኛ እኔ ንጹሕ ነበርሁ። እንዲያውም ትንሽ ኮርቼ ነበር ማለት ይቻላል።

ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ወጣ። ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ያም ቢሆን ከ100 ልጆች ከ90 የሚበልጡት አላለፉም ማለት ነው። አስጠኚ የሌለው፣ መጽሐፍ ለብዙ የሚጋራ፣ ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ ልጅ ባለበት አገር፣ የእኔ የማቀዝቀዣ በር ዝርዝር ምን ያህል የቅንጦት ጉዳይ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ለእነዚያ ልጆች «ተፈታኞች ነን» ያላቸው ማን ነበር?

የእኔም ልጅ ግማሹን አላመጣም። ማታ ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «በቃ ወደቅን» አልኋት። ልጁ በር ላይ ቆሞ ኖሯል።

«አባዬ፣ አንተ አልወደቅህም» አለኝ። «እኔ ነኝ የወደቅሁት። አንተ መቼ ተፈተንህ?»

ተቆጣሁ። ያወጣሁትን ገንዘብ፣ ያጣሁትን እንቅልፍ ቆጠርሁለት። እርሱ ግን አልተቆጣም። ወደ ማቀዝቀዣው ሄዶ ዝርዝሩን ነቀለና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይኼንንም እኔ አልጻፍሁትም» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ወደ መኝታው ገባ።

ያን ሌሊት ደግሞ ሌላ ሒሳብ ሠራሁ። ያ ሰውዬ ሊሸጥልኝ የነበረው ምንድን ነው? ለልጄ የቀረበለትን ጥያቄ ልጄ ሳይሠራው የሚያገኘውን መልስ ነው። እኔስ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሁት ምንድን ነው? «ምን ልሁን?» የሚለው ጥያቄ የቀረበው ለልጄ ነው። ከፊዚክሱም ከሒሳቡም የሚከብደው ጥያቄ እርሱ ነው። እኔ መልሱን አስቀድሜ ሠርቼ ሰጠሁት። በአደባባይ ሊነገር መቻሉ አላዳነኝም፤ እንዲያውም ለጎረቤት ሁሉ «ሐኪም ልናደርገው ነው» እያልሁ ስናገረው ነው የከረምሁት። መመዘኛዬ ሌባውን ይዞ ደግ አባቱን ያሳልፋል ማለት ነው። መልስ መስጠት ግን መልስ መስጠት ነው፤ በገንዘብም ይሁን በፍቅር።

ይህን ሐሳብ መሥሪያ ቤት ለአንድ ባልደረባዬ ባነሳለት ሳቀብኝ። «ምርጫ የጠገበ ሰው ወሬ ነው» አለኝ። «በእኛ አገር ልጅ የወላጅ ጡረታ ነው። ደግሞስ የ18 ዓመት ልጅ ምን ያውቃል? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

ንግግሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እኔን ያስተማረኝ የአባቴ ስፌት ነው፤ አባቴን በስተርጅናው የጦረው የእኔ ደመወዝ ነው። በዚህ አገር የአንድ ልጅ ዲግሪ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ እናት ትታከምበታለች፣ ታናሽ ይማርበታል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የሚጠለልበትን ነገር «የአንተ ጉዳይ ነው» ብሎ ለአንድ ጎረምሳ መተው ኃላፊነት መሸሽ አይሆንም?

ብዙ ካሰብሁ በኋላ የደረስሁበት ይህ ነው። የቤቱ ችግር የጥያቄው አካል ነው እንጂ መልሱ አይደለም። ጥያቄውን ለልጁ ሳይሸራርፉ መስጠት የወላጅ ግዴታ ነው። «ደመወዜ ይህን ያህል ነው፤ ጡረታ ልወጣ ይህን ያህል ዓመት ይቀረኛል፤ ከአንተ በታች እህት አለችህ፤ የሕክምና ትምህርት ይህን ያህል ዓመት ይፈጃል፤ ያለ ሥራ የተቀመጡ ምሩቃንም አሉ» ብሎ እውነቱን መንገር ይገባል። እኔ ይህን ለልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር። ችግሩን ደብቄ መልሱን ብቻ ሰጠሁት። ልጁም የሰማው ትእዛዙን እንጂ ምክንያቱን አልነበረም። ያቦካው ለእራት የማይበቃ ልጅ፣ ዱቄቱ ስንት እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚበላ ካልተነገረው፣ እጁንም ቡኮው ውስጥ ካላስገባ፣ ማቡካትን መቼ ይማራል?

ሁለተኛ መመዘኛ አስፈለገኝ ማለት ነው። እርሱም «ቀኑን የሚኖረው ማን ነው?» የሚል ነው። ጧት ተነሥቶ ሆስፒታል የሚሄደው፣ ሌሊት የሚጠራው፣ ሞት የሚያየው ልጄ እንጂ እኔ አይደለሁም። ውድቀቱን እንኳ «ወደቅን» ብዬ ልካፈለው ስሞክር ያመመው፣ የራሱ የሆነችውን አንዲት ነገር ስለወሰድሁበት ይመስለኛል። የራሱ ያልሆነ ውድቀት ለሰው ምንም አያስተምረውም። የራሱ ያልሆነ ድልም እንደዚያው ነው።

በዚያ ዓመት ግማሹን ላላመጡ ከ100,000 በላይ ተማሪዎች ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ተከፈተላቸው። ልጄም ከእነርሱ አንዱ ሆኖ አርባ ምንጭ ተመደበ። ከመሄዱ በፊት አንድ ማታ ተቀምጠን የቤቱን ሒሳብ ከነዕዳው አሳየሁት። ደብተር ላይ እየጻፈ ሰማኝ። ማካካሻውን አልፎ አንደኛ ዓመቱን ጨረሰና የትምህርት ክፍል መምረጫው ደረሰ። ደወለልኝ።

«ሜትሮሎጂ ልመርጥ ነው» አለኝ።

«ምንድን ነው እርሱ?»

«የአየር ጠባይ ጥናት ነው። ዝናብ፣ ድርቅ፣ ጎርፍ…»

ሕክምና የምትለው ቃል ምላሴ ላይ መጥታ ቆመች። በምትኩ የወጣው የአባቴ ድምፅ ነበር።

«እንጀራ አለው?»

በስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ከዚያ ገበሬው ዝናብ እየጠበቀ በሚኖርበት አገር ይህ ሙያ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ የት የት ሊያሠራ እንደሚችል፣ የቤታችንንም ነገር እንዴት እንዳሰበበት አስረዳኝ። ሁሉም አላሳመነኝም። ሥራ በቶሎ ላያገኝ ይችላል ብዬ ዛሬም እፈራለሁ። ፍርሃቴንም ሳልደብቅ ነገርሁት። ቀጥሎ ያለችውን የአባቴን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አባቴ እንዴት ቀሎት እንደተናገራት አላውቅም። ምናልባት እርሱንም አልቀለለው ይሆናል፤ እኔ ጊዜውን አልቆጠርሁትም።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አልሁት።

ዘንድሮ ደግሞ እህቱ 12ኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን፤ ሻይ አፈላላታለሁ፤ ስትጠይቀኝ አስረዳታለሁ። የማቀዝቀዣው በር ባዶ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን በር ላይ አግኝታኝ፣ «ዘንድሮም ተፈታኞች ናችሁ አሉ» አለችኝ። ይህን ሁሉ ያሰብሁ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁ ሰው፣ «እርሷ ናት» ልላት አስቤ ነበር።

«አዎ፣ ነን» አልኋት።