ወረሰ ስለሚለው ቃል የተጻፈ ሐተታ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ፣ እናቴ፣ አባቴ በሞተ ጊዜ በዕቁብ ገንዘብ፣ ጭቃውን ከሠራተኛ እኩል ረግጣ ያሠራቻቸውን ሁለት የኪራይ ክፍሎች ለቀበሌ አስረክባ፣ በማግስቱ እንደ ልማዷ በማለዳ ተነሥታ ደጃፋቸውን ስትጠርግ አገኘኋት። «እማዬ፣ የእኛ አይደለም እኮ» ብላት፣ «ጥራጊውስ የማን ነው?» ብላ ቀጠለች።

ሰዎች ያን ቤት «መንግሥት ወረሰው» ይላሉ፤ ልጅም የአባቱን ሲይዝ «ወረሰ» ይባላል፤ ርስት የሚለውም ስም ከዚሁ ከግእዙ ግሥ የወጣ ነው። ልጅ የሚወርሰው ሟችን ሲሆን፣ መንግሥት መጥረጊያ ይዛ የቆመችውን ሴት በምን ዝምድና ወረሳት?

ይህን ይፈቱልኛል ያልኋቸው መምህራን ሁለት ነበሩ። የፊተኛው የኔታ፣ ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነውና አትመራመር ብለው በሮሜ መልእክት አፌን አስያዙኝ፤ የኋለኛው፣ በውይይት ክበብ ማርክስን የሚተረጕምልን ጎልማሳ፣ የእናቴን ሁለት ክፍል ከባለ ጋሻ መሬቱ ጋር በአንድ መዝገብ ጻፈው። በሃይማኖት ሰማይና ምድር የሆኑት ሁለቱ፣ አትጠይቅ በማለት አንድ ነበሩ፤ ይቅር ብያቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ።

ሰው የላቡን ፍሬ ሊይዝ እንዲገባው ማስረጃ አልቈጥርም። ነገር ግን በዚህ ረክቼ ልተኛ ስል አንድ ተቃውሞ ይቀሰቅሰኛል። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት ሲወርስ፣ ጭሰኛውን ከእርቦና ከሲሶ አውጥቶታል፤ የመንግሥት እጅ ንብረት አይንካ ካልሁ፣ ያ ሰው ዛሬም እህሉን ተሸክሞ ወደ ባለመሬቱ ጎተራ ይሄድ ነበር። መለኪያው ላብ ነው ብል ደግሞ፣ ላቡ የጭሰኛው ነበረ፤ የእናቴን ቤት የሚያስከብርልኝ ሚዛን የባለ ጋሻውን መሬት ያስጥለኛል። ይሁን፣ ይጣል! ግን ክፍሎቹ የቆሙበት ቦታስ? አባቴ ከአንድ ባላባት ገዛው፤ ባላባቱስ ከማን አገኘው? ወደ ላይ ቢቈጠር መጨረሻው የቤተ መንግሥት ስጦታ ነው፤ እንግዲያ የሰጠ ይንሣ ይሉኝ ይሆን? ኢዮብ ግን ሰጪና ነሺ ያለው እግዚአብሔርን እንጂ ቤተ መንግሥትን አልነበረም።

በዚህ ስጨነቅ የመጽሐፈ ነገሥቱ ናቡቴ ትዝ አለኝ። ንጉሡ አክዓብ የወይኑን ቦታ በነጻ አልጠየቀውም፤ የተሻለ ወይን ወይም ዋጋውን በብር ሊሰጠው ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ንብረት ሲወሰድ በቅድሚያ ይከፈል ያለውን ተመጣጣኝ ካሳ አክዓብ አስቀድሞ አቅርቦታል ማለት ነው። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ። ዛሬ እንዲህ እንዲል የሚፈቅድለት አንቀጽ የቱ ነው? (አክዓብ የፈለገው የጎመን ቦታ እንጂ የሕዝብ ጥቅም አይደለም የሚለኝ ቢኖር፣ የሕዝብ ጥቅም የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ራሱ አክዓብ መሆኑን ልብ ይበል።)

መንግሥት ከቶ አይውሰድ እንዳልል የጭሰኛው ነገር ይከለክለኛል፤ ወሳጁም ዳኛውም እርሱ በሆነበት ስፍራ የተወሰደውን በፍትሕ ተወሰደ እንዳልል ደግሞ መጥረጊያው ይከለክለኛል። የዚያ ባላባት ጭሰኛ ልጅ ቀርቦ ቢሞግተኝ ሳልረታ የምወጣ አይመስለኝም። ቢሆንም ያን ቤት የቀበሌ ቤት ብዬ እንድጠራው አንደበቴ እስከ ዛሬ አልታዘዘልኝም።