የዋልያዎቹ ሁለት ዓመትና ፈቃደ እግዚአብሔር

የእግር ኳስ ጨዋታ ውጤት ፈቃደ እግዚአብሔርን ይገልጣል ወይስ የሰውን ሥራ ብቻ? በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ከቡና ወሬ ያለፈ ክብደት ያገኘው ብሔራዊው ቡድን ከኅዳር 2004 እስከ ኅዳር 2006 ዓ.ም. ባደረገው ጉዞ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመሩት ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ፤ ለዓለም ዋንጫም አንድ ጥሎ ማለፍ ብቻ ቀራቸው። ሲያሸንፉ «እግዚአብሔር ረዳን» ተባለ፤ ሲሸነፉ «አልፈቀደልንም»። ሁለቱም አባባሎች ከአንድ ሰው አፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወጣሉ። የት እንደሚጸኑና የት እንደሚላሉ ለማወቅ ጨዋታዎቹን በየተራቸው ማየት ያስፈልጋል።

በሕዝቡ ዘንድ ሁለት አስተሳሰቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ «የአርባ ቀን ዕድል» የሚባለው ነው፤ የሰው ነገር ገና በሕፃንነቱ ተወስኖ ያለቀ እንደሆነ ያስባል። ሌላው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ሰው ነጻ ፈቃድ እንዳለውና በሥራው እንደሚጠየቅ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቁም ሰውን እንደማያስገድደው ያስተምራል። መጽሐፍ ቅዱስም ከውጤት ተነሥቶ በሰው ላይ መፍረድን ደጋግሞ ይነቅፋል። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን አይተው ኃጢአቱን መፈለጋቸው ተወቅሶባቸዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ደግሞ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተነግሯል።

ጨዋታን ከፍርድ መለየት ለጎጃም ደጋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የማቻከል ወረዳዋ አማኑኤል ከተማ ስሟን የተጋራችው በዓል ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ በማግስቱ ልደት ነው፤ በልደት ደግሞ በደጋው አገር ሁሉ የገና ጨዋታ አለ። ሩሯን፣ የገናዋን ኳስ፣ የሚያሳድዱት ሁለት ወገኖች በአንድ በዓል የተሰበሰቡ የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ያሸነፈው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይወርፋል፤ ባለ ሥልጣንም ቢሆን ከግጥሙ አያመልጥም። ግን ማንም ሰው የልደቱ ባለቤት ለላይኛው መንደር አድልቶ የታችኛውን ቀጣ ብሎ አያስብም። ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ይህ ጤናማ ልማድ የሚረሳበት ምክንያት የአገር ስም መነሣቱ ይመስላል።

ጉዞው የተጀመረው በዓለም ዋንጫ ቅድመ ማጣሪያ ከሶማሊያ ጋር ነው። ኅዳር 2 ቀን 2004 ጂቡቲ ላይ 0 ለ 0፣ ኅዳር 6 ቀን አዲስ አበባ ላይ 5 ለ 0። ኅዳር 6 የቁስቋም ማርያም በዓል ነው። ምልክት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መነሻ ነበር፤ የኋላው የቀን መቁጠሪያ ግን እንደሚታየው አልተባበረውም።

በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከቤኒን ጋር አዲስ አበባ ላይ ያለ ግብ፣ በመልሱ 1 ለ 1 ተለያይተው ዋልያዎቹ ከሜዳ ውጪ ባስቆጠሩት ግብ አለፉ። በመካከሉ ግንቦት 26 ቀን 2004፣ የጰራቅሊጦስ ዕለት፣ ሩስተንበርግ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር የዓለም ዋንጫው የምድብ ጨዋታ ተከፈተ። ሳላዲን ሰኢድ አስቆጠረ፤ ባፋና ባፋናዎች አቻ አደረጉ፤ 1 ለ 1 አለቀ። በዚያ ጨዋታ አማካዩ ምንያህል ተሾመ ቢጫ ካርድ አየ። ያን ዕለት ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም። ሰኔ 3 ቀን መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በሳላዲን ሁለት ግቦች 2 ለ 0 ተሸነፈ።

ጳጉሜን 3 ቀን 2004፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ቡድኑ በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተረታ። አምስት ግብ ያስተናገደ ቡድን ተስፋ የለውም ያለው ብዙ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን አስቆጥረው 2 ለ 0 ሲያልቅ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ የሱዳኑ ሽንፈት ሦስት ግቦች ኢትዮጵያን አሳለፏት። እዚህ ላይ ከውጤት ተነሥቶ የሰማይን ሐሳብ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በግልጽ ይታያል። በሩፋኤል ዕለት የደረሰው ቁጣ ነበር ወይስ ረድኤት? በዕለቱ የፈረደ ሰው «ቁጣ» ይል ነበር፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ የተጠየቀ «ረድኤት»። ግቦቹ ያው ግቦች ናቸው። የተለወጠው ተመልካቹ የቆመበት ቀን ነው።

አፍሪካ ዋንጫው በደቡብ አፍሪካ ተደረገ። የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን 2005 ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ነበር። ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ብቸኛዋን ዋንጫ ያነሣችውም ጥር 13 ቀን ነው፣ በ1954 ዓ.ም.። ለምልክት አዳኞች ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም፤ ነገር ግን ሳላዲን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ዳነ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከተመልካቹም ወደ ሜዳ ዕቃ የወረወረ ነበር። ዛምቢያ መራች። በአሥር ሰው የቀሩት ዋልያዎች ግን ኳሱን ይዘው ተጫውተው በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጡ። በጠቅላላው ጉዞ ከታዩት ቡድኑን የበለጠ የሚያስከብረው ይህ አቻ ነው፤ ከአብዛኞቹ ድሎችም ይበልጣል። ነጥቡ አንድ ብቻ መሆኑ የሥራውን ዋጋ አይቀንሰውም።

ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈች። ጥር 21 ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ናይጄሪያ በቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ረታች፤ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ወጣ። በቁስቋም አምስት ለባዶ ያሸነፈው ቡድን በአስተርእዮ ተሸነፈ። በዓሉን ለድሉ ምክንያት ያደረገ ሰው ለሽንፈቱም ምክንያት ሊያደርገው ይገደዳል፤ ያን ደግሞ አማኝ የሆነ ሰው አይደፍረውም። ስለዚህ ቀድሞውንም በዓሉን ከውጤቱ ጋር ባያገናኘው ይሻለው ነበር። ቡርኪና ፋሶና ናይጄሪያ በመጨረሻ ለፍጻሜ ተገናኝተዋል፤ ዋልያዎቹ የተሸነፉት በውድድሩ ምርጥ ሁለት ቡድኖች ነው። ለሽንፈቱ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

የጸሎት ነገርም እዚህ ይነሣል። ከጨዋታ በፊት ኢትዮጵያዊው ያማትባል ወይም ዱዓ ያደርጋል፤ ናይጄሪያዊውም ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱም «አሸንፍ ዘንድ» ብለው ከለመኑ አንዱ ሳይሰማ ይቀራል ማለት ነው። «ሳልጎዳ፣ ሌላውንም ሳልጎዳ፣ ያለኝን ሁሉ ሰጥቼ ልውጣ» የሚል ልመና ግን ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሰማ ይችላል። ሁለተኛው ልመና ለጨዋታ የሚስማማ ነው፤ የመጀመሪያው እግዚአብሔርን ደጋፊ ያደርገዋል።

መጋቢት 15 ቀን 2005፣ በዐቢይ ጾም በምኩራብ እሑድ፣ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ቀጠለ። ቦትስዋና አዲስ አበባ ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጌታነህ ከበደ ባስቆጠራት ግብ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ምንያህል ተሾመ በዚያ ጨዋታ ሁለተኛ ቢጫ ካርዱን አየ። በማጣሪያው ደንብ ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ አይሰለፍም። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ላይ ግን ተሰለፈ። ኢትዮጵያ በጌታነህና በሳላዲን ግቦች 2 ለ 1 አሸነፈች። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካ በበርናርድ ፓርከር ግብ መርታ፣ ጌታነህ አቻ አድርጎ፣ ያው ፓርከር በራሱ መረብ ላይ አስቆጥሮ 2 ለ 1 አለቀ። ቡድኑ ምድቡን አሸነፈ ተብሎ ከተማው በደስታ ተሞላ። በዚያው ዕለት ፊፋ የምንያህልን መሰለፍ እየመረመረ መሆኑን አስታወቀ። የቦትስዋናው ጨዋታ በፎርፌ 3 ለ 0 ተመዘገበ፤ ሦስት ነጥብ ተቀነሰ፤ ፌዴሬሽኑ 6000 የስዊስ ፍራንክ ተቀጣ፤ ጥፋቱንም አመነ።

የጥያቄው ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ይህንንም «አልፈቀደልንም» ብሎ አለፈው። ለማቻከል ገበሬ በረዶ የመታው ሰብልና ሳይታረም የቀረ ሰብል ሁለቱም ጎተራ ያራቁታሉ፤ ገበሬው ግን ስለ መጀመሪያው ወደ ሰማይ ያያል፣ ስለ ሁለተኛው ወደ ራሱ። ፓርከር በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠራት ኳስ በረዶውን ወይም ዝናቡን ትመስላለች፤ ማንም አላቀዳትም። ሁለት ቢጫ ካርድ መቁጠር ግን እርሻውን ማረም ነው። የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ነበር፤ ጊዜም ከሁለት ወር በላይ ነበረ። ያልተቆጠረን ካርድ ለፈቃደ እግዚአብሔር መስጠት ትሕትና ይመስላል፤ በውስጡ ግን የሰውን ቸልተኝነት ወደ ላይ አውጥቶ ተጠያቂውን ነጻ ያደርጋል። በእስልምናም መጀመሪያ ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ የሚል የታወቀ ትምህርት አለ። ሁለቱ ሃይማኖቶች በዚህ ላይ አይለያዩም።

ተጫዋቹስ? ካርዶቹን ያየው እርሱ ነው፤ መቁጠርና ማስታወቅ ግን በመጀመሪያ የፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ወቀሳው በስሙ ላይ የከበደው ስሙ በፊፋ መግለጫ ስለተጻፈ ነው፤ የጥፋቱን ልክ አያሳይም።

ጳጉሜን 2 ቀን 2005 የመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር፣ በዚያች አገር ጦርነት ምክንያት፣ ብራዛቪል ላይ ተደረገ። ዋልያዎቹ ከተመሩ በኋላ ምንያህል ተሾመ አቻ አደረገ፤ ሳላዲን 2 ለ 1 አደረጋት። ኢትዮጵያ በ13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካን በሁለት በልጣ፣ ምድቡን መራች።

በዚያችው ዕለት ኬፕ ቨርዴ ቱኒዝያን በራሷ በቱኒዝያ ሜዳ 2 ለ 0 አሸንፋ ለጥሎ ማለፉ ደረሰች። እርሷም ቅጣት ላይ የነበረውን ፈርናንዶ ቫሬላን አሰልፋ ነበርና ጨዋታው 3 ለ 0 ለቱኒዝያ ተሰጠ፤ ኬፕ ቨርዴ ወደቀች። ሁለት አገሮች አንድ ዓይነት ጥፋት አጠፉ፤ አንዷ ቀሪ ጨዋታ ስለነበራት ዳነች፣ ሌላዋ ስላልነበራት ጠፋች። ፈላስፎቹ በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል በ1976 እ.ኤ.አ. ያነሡት ችግር ይኸው ነው፦ ጥፋቱ እኩል ሆኖ ሳለ ውጤቱ በአጋጣሚ ሲለያይ፣ ሰዎች ውጤቱን አይተው ወቀሳውንም ያበላልጣሉ። በኢትዮጵያ የብራዛቪሉ ድል የካርዱን ጉዳይ ቶሎ አስረሳው፤ ቡድኑ ባያልፍ ኖሮ ግን ወቀሳው ለዓመታት ይቀጥል ነበር። ፍትሕ ያለው ሚዛን ሁለቱን ቸልተኝነቶች እኩል ይመዝናል።

ጥሎ ማለፉ ከናይጄሪያ ጋር ሆነ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ አንዲት ኳስ የግቡን መስመር አልፋለች፣ አላለፈችም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ዳኛው አላጸደቃትም። የግብ መስመርን የሚለየው መሣሪያ ከጥቂት ወራት በፊት በብራዚሉ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሥራ ላይ ውሏል፤ በአፍሪካ ማጣሪያ ግን አልነበረም። ይህ በደል ከሆነ የሰዎች አሠራር በደል ነው፤ ዕጣ ፈንታ አይደለም። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ አስቆጠረ፤ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አድርጎ በመጨረሻው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 አደረጋት።

መልሱ ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ተደረገ፤ ያ ዕለት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ቤት መታሰቢያ ነው። ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ቪክቶር ኦቢና ወደ መጨረሻው አስቆጥረው 2 ለ 0፣ በድምር 4 ለ 1 አለቀ። ናይጄሪያ ወደ ብራዚል ሄዳ ከ16ቱ አንዷ ሆነች። የካላባሩ ሽንፈት ለሰማይም ለጽሕፈት ቤትም የሚጻፍ አይደለም፤ በዚያ ምሽት ናይጄሪያ የተሻለች ቡድን ነበረች።