መጾምና ጦም ማደር

ሰው በቀን ስንት ጊዜ መብላት ይገባዋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የጓዳ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የሐኪሙንም፣ የካህኑንም፣ የመንግሥቱንም ደጅ ያንኳኳል። እኔ ሕክምናን የተማርኩት በቡዳፔስት፣ የምሠራው ደግሞ በቶሮንቶ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸውን የአገሬን ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመገቡ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ “ሦስት ጊዜ” ይሉኛል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፤ ወጉ ይህ ነውና። ጨዋታው ሲረዝም ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። ታክሲ የሚነዳው ሰው የረባ ምግብ የሚቀምሰው እኩለ ሌሊት አልፎ ቤቱ ሲገባ ነው። ሁለት ሥራ የምትሠራው ሴት አውቶቡስ ውስጥ ከምትቆርሳት ዳቦ በቀር እስከ ማታ እህል የሚባል በአፏ አይዞርም። በዕድሜ የገፉት እናት ደግሞ ሁዳዴን እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ይህም የእርሳቸውና የፈጣሪያቸው ጉዳይ እንጂ የሐኪም ጉዳይ አይመስላቸውምና ሳይናገሩት ይቀራሉ።

ሳይንሱ ስለ ቁጥሩ ምን ይላል? የምኖርባት ከተማ በዚህ ረገድ ታሪክ አላት። ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1989 ደግሞ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሰው የሆነው ዴቪድ ጄንኪንስ ከባልደረቦቹ ጋር ሰባት ወንዶችን ያንኑ ዓይነት ምግብ ለሁለት ሳምንት በቀን በሦስት ማዕድ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት በቀን ለ17 ጊዜ ከፋፍሎ አበላቸው። ምግቡ በተከፋፈለ ጊዜ የደማቸው ኮሌስትሮል 8.5 በመቶ፣ ኢንሱሊናቸውም 28 በመቶ ያህል ዝቅ አለ። “ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ” የሚለው ምክር ከእንዲህ ያለው ጥናት ብርታት አገኘ። በ2014 ግን ከፕራግ የወጣ ጥናት ወደ ሌላ አቅጣጫ አመለከተ። 54 የስኳር ሕሙማን፣ የምግቡ መጠን እኩል ሆኖ ሳለ፣ ቁርስና ምሳ ብቻ በበሉባቸው 12 ሳምንታት ስድስት ጊዜ ከበሉባቸው ሳምንታት የበለጠ ክብደት ቀነሱ። በ2022 ደግሞ በቻይና ጓንግዡ ከተማ ከልክ በላይ የወፈሩ 139 ሰዎች ለአንድ ዓመት ምግባቸውን እንዲቀንሱ ተደረገ፤ ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይበሉ ነበር። በመጨረሻ ሲመዘኑ በሁለቱ ወገኖች መካከል ቁም ነገር የሚባል ልዩነት አልታየም።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው፣ ሰውነታችን ማዕድ ቆጣሪ አለመሆኑን ነው። የሚበላው ምንድን ነው? ስንት ነው? በቀን ነው ወይስ በሌሊት? እነዚህ ከቁጥሩ ይበልጣሉ። ሌሊት የተበላ ምግብ የደም ስኳርን በቀን ከተበላው የበለጠ ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ የታክሲ ነጂው ጣጣም ከማዕዱ ማነስ ይልቅ በሰዓቱ ላይ ነው።

ቁጥሩ ለሥጋ ይህን ያህል ወሳኝ ካልሆነ፣ “በቀን አንዴ ነው የምበላው” የሚል ሰው ስናገኝ ልባችን ለምን ይደነግጣል? መልሱን ቋንቋችን ያውቀዋል። ጾምና ጦም አንድ ቃል ናቸው፤ አንደኛው የግእዙ፣ ሁለተኛው የአማርኛው አነጋገር። ሆኖም “ጾመ” ስንል ሰውየውን እናከብረዋለን፤ “ጦሙን አደረ” ስንል ግን እናዝንለታለን። ጉበት በሁለቱም ሰዎች ውስጥ ሥራውን ያው አድርጎ ይሠራል፤ ያከማቸውን ስኳር በአንድ ቀን ገደማ ይጨርስና ወደ ስብ ይዞራል። በማይክሮስኮፕ ብናየው ባሕታዊውን ከድሃው አንለየውም።

በ1977 ዓ.ም. በዚያችው አንዲት አገር ሁዳዴ ሲገባ ከተማው ጾመ፤ ወሎና ትግራይ ግን ጦማቸውን አደሩ። ልዩነቱ ወዴት ነበር? “በፈቃድ ላይ ነው፤ አንደኛው መርጦ፣ ሌላው ተገዶ” የሚል ይኖራል። መልሱ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። የእርዳታ ሠራተኞች የረሃብን ደረጃ ለመለካት በየቤቱ ከሚጠይቋቸው አምስት ጥያቄዎች አንዱ በቀን የሚበላበትን ጊዜ ቀንሳችኋል ወይ የሚል ነው፤ ሌላው ደግሞ ሕፃናቱ እንዲበሉ አዋቂዎቹ ከድርሻቸው ቀንሰዋል ወይ የሚል ነው። ለልጇ ብላ “እኔ በልቻለሁ” የምትል እናት በፈቃዷ ነው ጦሟን ያደረችው። ማንም አላስገደዳትም። ታዲያ ይህን ጾም እንበለው?

እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ በቀጠሮው ላይ ነው። ጾም ቀጠሮ ያለው ረሃብ ነው። ጾመኛው ቅዳሴ የሚወጣበትን ሰዓት ያውቃል፤ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ያውቃል፤ ዶሮው እንደሚታረድ ያውቃል። ረኃብተኛው ግን ከእህል ጋር ቀጠሮ የለውም። ሰውን የሚሰብረው የሆድ ባዶነት ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚሞላ አለማወቁ ጭምር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ መቅረብ ሲጀምር ልጆቹ ከእንጀራው ጋር ቀጠሮም ተሰጣቸው፤ ነገም በዚያው ሰዓት እንደሚበላ አወቁ። ባለጸጋ በምትባለው በዚች በቶሮንቶም ቀጠሮ የሌላቸው አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ዘገባ መሠረት ሰዎች የከተማዋን የምግብ ባንኮች ደጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ረግጠዋል።

ወደ እኒያ ጾመኛ እናት ልመለስ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከዋለ የደም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ከዚያም የባሰ ሊደርስበት ይችላል። ለሐኪም ሁለት ቀላል መንገዶች አሉት፤ “አይጹሙ” ብሎ መከልከል ወይም አይቶ እንዳላየ ማለፍ። ሁለቱም ሰውየውን አያከብሩትም። የተከለከለው ተደብቆ ይጾማል፤ የታለፈውም ብቻውን ይወድቃል። በስደት ምድር ጾም ከምግብ በላይ ነው፤ ቋንቋው ከልጆች አፍ ሲጠፋ፣ መንደሩ ሲርቅ፣ ሰው የራሱ የሆነ አንድ ነገር በእጁ የሚቀረው በጾሙ ነው። ይህን የሚነጥቅ ሐኪም መድኃኒቱ የማይሞላውን ጉድለት ይፈጥራል። ስለዚህ የምመርጠው ሦስተኛውንና አድካሚውን መንገድ ነው። የሚፈሰክበትን ሰዓት ጠይቄ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከዚያ ጋር አስማማለሁ፤ ስኳር ከወረደ ጾሙ በዚያው እንዲፈታ አስቀድመን እንስማማለን፤ አደጋው ሲበዛም ወደ ንስሐ አባታቸው እልካቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ፣ ቁርኣንም ለታመመና ለመንገደኛ ፈቃድ መስጠታቸውን ሐኪም ማወቅ አለበት። ሙስሊም ሐኪሞች ስለ ረመዳንና ስለ ስኳር ሕመም ዝርዝር መመሪያ ማውጣታቸው ለእኛም ትምህርት ነው።

ዛሬ ደግሞ ያለ ሃይማኖትም የሚጾም በዝቷል። በቀን 16 ሰዓት ሳይበሉ መዋል ለጤና ይበጃል ተብሎ በየቢሮው ይወራል። አልነቅፈውም፤ አንዳንዱን ሰው ይጠቅመዋል። ነገር ግን አባቶቻችን ጾምን ከምጽዋት ነጥለው አላስተማሩንም። የተዘለለው ምሳ የሚሄድበት ቤት ነበረው። እናቲቱ የዘለለችው ማዕድ ወደ ልጇ፣ ጾመኛው የተወው ወደ ደጀ ሰላሙ ድሃ ይሄዳል፤ ለወገብ ቅጥነት ብቻ የተዘለለው ማዕድ ግን ወደ ማንም አይሄድም። “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” የሚለው ብሂላችን ብቻውን ለሚጾምም የሚሠራ ይመስለኛል።

እንግዲህ ስንት ጊዜ እንብላ? እንደ ሐኪም የምለው አጭር ነው፤ ሁለትም ይሁን ሦስት፣ በልክ፣ በቀን ብርሃን፣ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳይደብቅ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥያቄ ከሕክምና ክፍሉ ውጭ ነው፤ ዛሬ የዘለልነው ምሳ ወደ ማን ቤት ሄደ? ጎረቤታችንስ ከእህል ጋር ቀጠሮ አለው?