ወለዱን ማን ይከፍላል?

ጋምቤላ ከተማ በደመወዝ የሚኖር ሰው ወሩ ሃያ ምናምን ሲል ኪሱ ቢደርቅ ምን ያደርጋል? ኤቲኤም ላይ የምንጠቀመው ካርድ የሚሰጠን የራሳችንን ብር ነው፤ ሲያልቅ አለቀ። ስለዚህ «የትኛው ክሬዲት ካርድ ወለዱ ይቀንሳል?» የሚለው የውጭ አገር ጥያቄ እኛ ጋ ሲደርስ መልኩ ይቀየራል። ከሱቅ በዱቤ ልውሰድ፣ ከስልኬ ልበደር ወይስ አክስቴን ላስቸግር?

ስልኩ ቀላል ነው። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከዳሽን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ ብድሮችን ካመጣ ወዲህ ዋስ ፍለጋ የሰው ደጅ መጥናት ቀርቷል። ወጪው «የአገልግሎት ክፍያ» ይባላል እንጂ ወለድ አይባልም። ስሙ ምንም ይሁን፣ ለምሳሌ 1,000 ብር ተበድረን 50 ብር ብንከፍል 5 በመቶ ነው፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ብሩ እጃችን ላይ የቆየው አንድ ወር ከሆነ ግን በዓመት ሲሰላ 60 በመቶ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ ደግሞ 260 በመቶ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። (ባንኮች የሚተዳደሩት በሌላ መመሪያ ነው።) እና «ስንት በመቶ?» ብቻ ሳይሆን «ለስንት ቀን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይሄ ሂሳብ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን «ነፃ» የምንለው ብድር ነው።

ባለሱቁ ለዱቤም ለጥሬ ብርም አንድ ዋጋ ከጠራ፣ ደብተሩ ላይ ስማችን ተጽፎ የሚቆይበትን ጊዜ ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል ማለት ነው። ያኔ የኛን ወለድ በከፊል የሚከፍለው እየቆጠረ በጥሬ የሚገዛው ጎረቤታችን ነው።

አክስታችንስ? 5,000 ብር ለአንድ ዓመት ያለወለድ ሰጠችን እንበል። በዓመቱ የዕቃ ዋጋ 20 በመቶ ቢጨምር፣ የምንመልስላት 5,000 ብር የሚገዛው ዛሬ በ4,170 ብር ገደማ የሚገዛውን ነው። 830 ብር ያህል ከፈለች። ደረሰኝ የላትም፣ ምናልባት መክፈሏንም አታውቅም።

እዚሁ ክልል ኑዌሮች ዘንድ ጥሎሽ በከብት ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንዴ ተከፍሎ አያልቅም። ቀሪው ዕዳ ለዓመታት ይታወሳል፣ ዝምድናውም አብሮ ይቀጥላል። ደስ የሚለኝ ግን ሌላው ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የምትመለሰው ላም ያው ላም ናት። ብር እንዲህ አይታመንም።

«ከዘመድ ጋር ምን ሂሳብ አለ?» የሚል አይጠፋም። አውቃ ከተወችልን ስጦታ ነው፣ እሰየው። ሳታውቅ ከሆነ ግን ወለድ ጠልተን የሸሸነው እኛ ነን፣ የከፈለችው እሷ ናት። ለአንድ ሳምንት ከሆነ ከስልኩ አክስታችን ትሻላለች፤ በሳምንት የምታጣው ከቁጥር አይገባም። ለዓመት ከሆነ ግን «ስንመልስ በዚያን ቀን የበቆሎ ዋጋ እናስበው» ማለት ይቻላል። ነውር የሚመስለው ስላልለመድነው ነው።

ዕቁብም ቢሆን መጀመሪያ የደረሰው መጨረሻ ከሚደርሰው ተበድሯል። እዚያ ግን ማን ቀድሞ እንደሚወስድ የሚወስነው ዕጣ ነው፣ ዕጣው ሲወጣም ሁሉም ቁጭ ብሎ ያያል።